ከል የለበሰው ጋዋን

18 ማዞሪያ ላይ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ የሚለብሰው አንድ ዓይነት ጋዋን ነው፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ፊት ለፊቱ አምስት ነጭ ቁልፍ የተደረደረበት። ሥራ አስኪያጁ አቶ አምሐ ቀለሙን ሲመርጡ «በሽተኛው መንፈሱ እንዲረጋጋ» ብለው ነበር ይባላል። የበሽተኛው መንፈስ ተረጋጋ አልተረጋጋ የጠየቀ የለም። ሠራተኛው ግን እንደ ሱቅ ሳሙና አንድ ዓይነት ሆኖ መደርደሩ እንዳልተዋጠለት ለማወቅ ጠዋት በሩ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ሉሲ ኮሌታዋ ላይ የምትሰካት ቢራቢሮ አለቻት። የላቦራቶሪው አብርሽ የደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ይደረድራል፤ ከአራቱ የሚጽፈው አንዱ ነው። ጥበቃው ገሜዳ ፊሽካውን በቀይ ክር ጎንጉኖ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲነፋው ያየ ግን እስካሁን አልተገኘም። የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር አልፊያ እንኳ፣ ደንብ አስከባሪዋ ራሷ ሆና፣ ሂጃቧን የምታስይዝበት ስፒል ጫፉ ላይ የዕንቁ ፍሬ የምትመስል ነገር አለችው፤ የሰኞዋና የዓርቧ ቀለም ይለያያል። ሰውን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ሲያለብሱት «እኔም አለሁ» የምትል አንዲት ነገር የሆነ ቦታ ላይ ካልሰካ አይሆንለትም። ይህን ጥፋት ነው የሚል ካለ ዩኒፎርም ለብሶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ነፃ የነበረችው የካርድ ክፍሏ እፀገነት ብቻ ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በክሊኒኩ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ጋዋኗ ላይ አንዲት ነገር ጨምራ አታውቅም። ጠዋት ገብታ መስኮቷን ትከፍታለች፣ ካርድ ከመደርደሪያው ታወጣለች፣ ስም ትጠራለች፣ ማታ ጋዋኗን ከበሩ ጀርባ ሰቅላ በታክሲ ወደ አስኮ ትሄዳለች። ስለዚህ በኅዳር መግቢያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አምስቱ ነጭ ቁልፎቿ በአምስት ጥቁር ቁልፎች ተተክተው ሲታዩ ቤቱ በሙሉ ልብ አለ። ምክንያቱን ግን ያወቀ አልነበረም።

ምክንያቱ ኃይለመስቀል ይባላል።

ኃይለመስቀል በያጅ ነበር፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ባሏ ነበር። በሃያ አምስት ዓመቷ አግብታው፣ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራ፣ ፈታችው። ሰው የፍቺ ምክንያት ሲጠይቅ ትልቅ ነገር ይጠብቃል፤ ዱላ፣ መጠጥ፣ ውሽማ። የእፀገነት ግን ለማውራት እንኳ የሚያሳፍር ነበር። ሰውዬው አይናገርም፤ በቃ ይኸው ነው። ይገባል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ እሷ ብቻዋን ስታወራ ኖረች፤ ሲብስባት ጥያቄውንም መልሱንም ራሷ ትናገረው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ኃይለመስቀል ሻንጣውን ከእጇ ተቀብሎ እስከ ፌርማታ ተሸክሞ ሸኛት፣ ታክሲው ላይም ራሱ ጫነላት። «ተይ፣ አትሂጂ» የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። ያን ቀን ያቺን ቃል ቢተነፍሳት ኖሮ ትመለስ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እሱ ከዚያ በኋላ ሌላ አገባ፤ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ቤት ሠራ፤ ሁለት ልጅ ወለደ። ነገር ግን በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዕለት ረፋድ ላይ ይደውልላታል። «አለሽ?» ይላል። «አለሁ» ትላለች። «ደግ» ብሎ ይዘጋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ለሌላው ሰው ይህ ስልክ ተደወለ አያሰኝም፤ ኃይለመስቀልን ለሚያውቅ ግን ረጅም ወሬ ነው።

መሞቱን የሰማችው በመስኮቷ በኩል ነው። የጥቅምት አጋማሽ አልፎ አንድ የድሮ ጎረቤቷ ደም ግፊቷን ልትለካ መጥታ፣ ካርዷ እስኪወጣ ስትጠብቅ፣ «ኃይለመስቀልም ሄደ» አለቻት። «ልቡ ነው አሉ። ከትናንት ወዲያ ቀበርነው። መቼም ሳትሰሚ አትቀሪም።»

«ሰምቻለሁ» አለች እፀገነት። አልሰማችም ነበር። ካርዱን ሰጠቻትና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ዓለም ባንክ ሄደች። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ሲገቡና ሲወጡ አየች። ገብታ ብትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ሴት ጎንበስ ብላ «የሟች ምኑ ነሽ?» ማለቷ አይቀርም። ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ክፋት የለበትም። ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ እሷ ድንኳኑ ውስጥ ናት። ባሏን የፈታች ሴት አለች፤ የፈታች ደግሞ ለፈታችው አታለቅስም። ባሏን ፈትታ ስታበቃ ባሏ የሞተባት ሴት ግን ምን ተብላ እንደምትጠራ፣ የት እንደምትቀመጥ፣ ስንት ቀን ከል እንደምትለብስ የነገራት ሰው የለም። ከአንድ ሱቅ ሶፍት ገዝታ፣ ሳትከፍተው፣ ታክሲ ይዛ ተመለሰች።

ቤትም ያው ነው። አስኮ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ከእሙ ጋር ነው። እሙ የእህቷን ጠብ ተቀብላ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ዕረፍት የተሸከመች ሴት ናት፤ ኃይለመስቀልን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ድንጋይ» ነው የምትለው። ወሬው ለእሷም ደርሶ ኖሮ ማታ እራት ላይ፣ «ያ ድንጋይ አረፈ አሉ። ነፍሱን ይማር። ጎመኑ ጨው አልበዛበትም?» አለች።

«ደህና ነው» አለች እፀገነት።

እሙ ላይ አልፈረደችባትም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ስለ ሰውዬው ከእሷ አፍ ደግ ነገር ሰምታ የማታውቅ እህት፣ ዛሬ ተነስታ ደረት ትምታ አይባልም። ደግሞስ ምን ብላ ትንገራት? የፈታሁት ባሌ ሞቶ ሆዴ ባዶ ሆነ ብትላት፣ «ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ፈታሽው?» መባሏ ነው። የፈለገችው ብዙ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ስለ ኃይለመስቀል «እግዜር ያጥናሽ» እንዲላት ነበር። ይህ ግን እንደ ዕቃ እየዞሩ የሚጠይቁት ነገር አይደለም። ኀዘኑ ካልታየ አጽናኝ አይመጣም፤ ኀዘኗን ደግሞ የምታሳይበት ቦታ አልነበራትም።

ጋዋኑ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። ጋዋን ቤት አይሄድም። የሚታጠበውም እዚያው ክሊኒክ ነው፤ እሙ አታየውም፤ የአስኮ ጎረቤትም አያየውም። ከማዞሪያው ማዶ ካለው የስፌት ዕቃ ሱቅ አምስት ጥቁር ቁልፍ ገዛች። በምሳ ሰዓት አንሶላ ከሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና ነጮቹን ቆርጣ ጥቁሮቹን ተከለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጋዋኗን ለብሳ ከላይ ወደ ታች ስትቆልፍ ባሏ የሞተባት ሴት ትሆናለች። ማታ ስታወልቀው ደግሞ ማንም ያልሞተባት የእሙ እህት ሆና ታክሲ ትሳፈራለች። የሚያስቅ ነገር ነው። ሌላው ሰው ዩኒፎርም ሲለብስ የራሱን ነገር ቤቱ ትቶ ይመጣል፤ እፀገነት ግን የራሷን ነገር የምታገኘው ዩኒፎርሙ ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ሉሲ ናት። «ገኒዬ፣ ዛሬስ ሽክ ብለሻል» አለቻት፤ ቁልፉን በጣቷ እየነካካች። «ጥቁር በሰማያዊ ላይ እንዲህ ያምራል እንዴ? ከየት ገዛሽው ባክሽ?»

እፀገነት «ከማዞሪያው ማዶ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሉሲ አምስት ጥቁር ቁልፍ ተክላ መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ነርሶች ጨመሩ። ከዚያ የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ፣ ከዚያ የአልትራሳውንዷ። ሉሲ ራሷን ጨምራ አምስቱን ደረጃው ላይ አሰልፋ ቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው፤ ብዙ ሰው ወደደው፤ ጋዋኑ የት እንደሚሸጥ የጠየቀም ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ እፀገነትን ጨምሮ ስድስት ሴቶች በክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ከል ለብሰው ይመላለሱ ጀመር፤ አምስቱ ማንን እንደሚያለቅሱ አያውቁም።

እፀገነት መጀመሪያ ተናደደች። ሉሲን ጠርታ ልትቆጣት አሰበችና ምን ብላ እንደምትቆጣት ስላጣች ተወችው። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ግን ይብሳል። አንድ ሰው ጥቁር ሲለብስ «ምን ሆነሽ ነው?» ይባላል፤ ስድስት ሰው ሲለብስ ፋሽን ነው። የመጨረሻ መናገሪያዋ የነበረው ነገርም እንደ ሰውዬው ዝም አለባት።

አንድ ሰው ብቻ አልተሸወደም። እማማ ወለተጻድቅ ክሊኒኩን የሚያጸዱና ጋዋኖቹን የሚያጥቡ አሮጊት ናቸው። እሳቸው ያዩት ቁልፉን ብቻ አልነበረም። እፀገነት የጆሮ ጌጧን ማድረግ ከተወች፣ ጸጉሯን ቅባት ካስነካች ስንት ሳምንቷ እንደሆነም ያውቃሉ። አንድ ቀን የካርድ ክፍሉን ወለል እየወለወሉ ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሏት።

የምትጠብቀው ጥያቄ ነበር። ለአንድ ወር የጠበቀችው። ሲመጣላት ግን ደነገጠች። «ኧረ ማንም እማማ፤ እንዲሁ ነው» አለች።

«እሺ» አሉና መወልወላቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን ሙሉ ምላሷን ልትቆርጠው ፈለገች። ሰው በሩን ሲያንኳኳላት ራሷ ከውስጥ ቀረቀረች።

በታኅሣሥ መግቢያ ዓርብ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ማንኛውም ሠራተኛ ከተሰጠው የደንብ ልብስ ውጭ ባዕድ ቁልፍ፣ ጌጥም ሆነ ማናቸውም ተንጠልጣይ ነገር ማድረግ ከሰኞ ጀምሮ የተከለከለ ነው ይላል። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ የተሸለተ በግ መሰለ። ቢራቢሮዋ በርራ ሄዳለች። የገሜዳ ፊሽካ ኪስ ገብቷል። አብርሽ ወደ አንድ እስክሪብቶ ወርዶ ነበር፤ ያስቀረው የማይጽፈውን ሆኖ ተገኘ። ቁልፎቹ ሁሉ ነጭ ሆነዋል፤ ከአንድ ጋዋን በቀር።

እፀገነት ቅዳሜ ልትቀይረው መቀስ አንስታ ነበር። መቀሱን ቁልፉ ሥር አስገብታ፣ ቆማ፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዛሬ በገዛ እጇ ብትቆርጠው ኃይለመስቀል ማንም ያላለቀሰለት ሆኖ ይቀራል፤ እሷም ማንም ያልሞተባት ሴት ሆና ትቀራለች፤ ለሁልጊዜውም ያው ነው። ቅጣቱ ይምጣ ብላ ተወችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር አልፊያ መጣች። እሷና እፀገነት በአንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት፤ ይከባበራሉ፤ የቤታቸውን ጉዳይ ግን አያወሩም። አልፊያ ቁልፎቹን አየችና በሩን ገርበብ አደረገች።

«ወረቀቱን አላየሽም እንዴ ገኒ?»

«አይቻለሁ።»

«አቶ አምሐ ከሰዓት ይዞራሉ። እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ምክንያት ካለሽ ንገሪኝ፤ ከሌለሽ አታስቸግሪኝ።»

እፀገነት መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ካርዶች አስተካከለች። የተስተካከሉ ነበሩ። «ኀዘን ላይ ነኝ» አለች።

«ውይ። ማን?»

«ባሌ።»

አልፊያ ግራ ገባት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ እፀገነት ከእህቷ ጋር እንደምትኖር ነው የምታውቀው። «ባል አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። ከፈታሁት አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።» እጇን ከካርዶቹ ላይ አነሳች። «ከሞተ ዛሬ አርባ ሁለት ቀኑ ነው።»

አልፊያ ቁልፎቹን ደግማ አየቻቸው። ከዚያ «ለጊዜው ባለበት ይሁን» ብላ ወጣች። እፀገነት ማስጠንቀቂያ ልትጽፍ የሄደች መሰላት፤ አልተቀየመቻትም።

አልፊያ ግን የሄደችው እማማ ወለተጻድቅ ጋ ነበር። የሰማችውን ነገረቻቸውና እንዲህ ያለ ነገር በእነሱ ወግ እንዴት እንደሚደረግ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ምንም አልተገረሙም። «ከል የለበሰ ሰው በገዛ እጁ አያወልቅም» አሏት። «ዘመድ መጥቶ ነው የሚያስወልቀው። ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ደግሞ ለማስወለቅ አፍ የለውም። መጀመሪያ ለቅሶ እንድረሳት።»

ምሳ ሰዓት ሲሆን አልፊያ ገሜዳን ጠርታ የካርድ መስኮቱ ለግማሽ ሰዓት እንደሚዘጋና ለምን እንደሚዘጋ ነግራው፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው እንዲያስታግስ አዘዘችው። ከዚያ እፀገነትን በእጇ ይዛ ወደ አንሶላው ክፍል ወሰደቻት። እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በታጠፉት አንሶላዎች ላይ ተቀምጠው ነበር። ሉሲም አለች፤ አንገቷን ደፍታለች፤ አልፊያ ነግራታለች ማለት ነው። እፀገነትን መካከላቸው አስቀመጧትና ዝም አሉ። ለቅሶ ቤት ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ያለችውን ዝምታ ነው ዝም ያሉት፤ እፀገነት ያን ጊዜ ገባት።

«ሟች ማን ይባሉ ነበር?» አሉ እማማ ወለተጻድቅ።

«ኃይለመስቀል።»

«ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ምን ሆነው ነው?»

«ልቡ ነው አሉ።»

«ሳትቀብሪው ቀረሽ?»

«ሳልቀብረው።»

አልፊያ ጎንበስ ብላ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለቻት።

ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እፀገነት «ዝምተኛ ነበር» አለች፣ ፈገግም አለች፣ ከዚያ ወሬው መጣላት። በብየዳ የተቃጠሉ ጣቶቹን፣ እሷ ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያድር እንደነበር፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ እንዴት እንደሸኛት ነገረቻቸው። «ተይ ቢለኝ እመለስ ነበር» አለች። «እኔም ደግሞ ልመለስ አላልኩትም። ዘጠኝ ዓመት ስለፈለፍኩ የምናገረው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያቺን አንዷን ግን እኔም አልተናገርኳትም።»

ሉሲ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ እኮ ፋሽን መስሎኝ ነው» አለች። «ቲክቶክ ላይ ሁሉ ለቅቄዋለሁ። ይቅር በይኝ ገኒዬ።»

«ምን አጠፋሽ» አሉ እማማ ወለተጻድቅ። «ሰውዬው ዕድለኛ ነው። የሚያውቁትም የማያውቁትም፣ ስድስት ሴት ከል ለብሶለታል። ትልቅ ሰው ሲሞት እንኳ ይህን ያህል አይገኝም።» እፀገነት ሳታስበው ሳቀች፤ አልፊያም ሳቀች።

ከዚያ አሮጊቷ ብድግ ብለው ፊቷ ቆሙ። መቀሱን አልፊያ ሰጠቻቸው። «በይ፣ አርባውም አልፏል። ይበቃሻል ልጄ፤ ለእሱም ይከብደዋል» አሉና የላይኛውን ቁልፍ ቆረጡ። ሁለተኛውን አልፊያ ቆረጠች። ሦስተኛውን ሉሲ ቆረጠችው። የቀሩትን ሁለቱን እማማ ወለተጻድቅ ጨረሱና መቀሱን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ የኔ ልጅ።»

እፀገነት «አሜን» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ልቅሶ ነበር፤ አርባ ሁለት ቀን የታፈነ፣ ምናልባትም አሥራ ሁለት ዓመት። ልታፍነው አልሞከረችም። አልፊያ ነጮቹን ቁልፎች መልሳ ልትተክል ያነሳችውን መርፌ አስቀምጣ አቀፈቻት።

ክሊኒክ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ይደነግጣል። ከበሩ ውጭ የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ፤ አንዲት ሴት «ማን ሞቶ ነው?» ስትል እስከ ውስጥ ተሰማ። የገሜዳ ድምፅ እንደወትሮው የተረጋጋ ነበር።

«የካርድ ክፍሏ እፀገነት ናት» አለ። «ባሏ ሞቶባት ነው።»

ባሏ አለ። ሌላ አልጨመረበትም። ኮሪደሩም፣ ጉንፋን የያዘውም፣ ውጤት የሚጠብቀውም፣ ልጅ ያዘለችውም፣ ባንድ ላይ «ነፍስ ይማር» አለ።